በሁለት አገር ተፈረደልን

ወንድሜ ቀኝ እጁን ያጣው ቡና እንደ ጉድ በያዘበት ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ የቡና ንግድ ለግለሰብ ተከፍቶ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር አዳዲስ የማጠቢያ ጣቢያዎች የሚተከሉበት ጊዜ ነበር። እሱ ከነዚህ በአንዱ የማሽን ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ ከሚዛን አጠገብ ባለችው አማን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም።

አባታችን ከወላይታ መጥቶ ሚዛን የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናታችን የከፋ ሰው ናት። ከእኛ ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላቸውም። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፤ እኔ በእሱ ደመወዝ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ስለዚህ "ጋሼ" ስለው ለወጉ ያህል አልነበረም። ረጅምና ቀልደኛ ነበር። እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ለከተማው ቡድን መረብ ኳስ ይጫወታል። ዘሎ ኳሷን ቁልቁል ሲመታት የሚያጨበጭቡለት ሰዎች ገና ከመሬት ሳይነሳ ነበር መጮኽ የሚጀምሩት።

በዚያ ሰሞን መፈልፈያውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ እየሾለከ ስላስቸገረ መካኒኩ የብረት መከለያውን አውልቆ አስተካከለው፤ መከለያውን ግን መልሶ አልገጠመውም። ወንድሜ ይገጠምልኝ ብሎ ለባለጣቢያው ነግሮታል። ባለጣቢያው "እሸቱ ሜዳ ላይ ተቆልሎ እየፈላ አንተ ስለ ቆርቆሮ ታወራለህ? ሰሞኑን እንገጥመዋለን፤ አሁን አስነሳው" አለው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ እዚያ አገር የማያውቅ የለም። አስነሳው። ከሰዓት በኋላ ላይ የሸሚዙን እጅጌ ቺንጋው ያዘው፤ ከሸሚዙም ጋር እጁን።

አማን ሆስፒታል ስደርስ ከክርኑ በታች ተቆርጦ ነበር። ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ ያለኝ ነገር "እማዬን ቀስ ብለሽ ንገሪያት" ነው።

ባለጣቢያው ብርቱካንና ለስላሳ አስይዞ መጣ። ናይሮቢ ያደገ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለውጥ መጣ ሲባል አገሩ ገብቶ ቡና ላይ የተሰማራ። ሰውን ሲያነጋግር ትከሻ የመያዝ ልማድ ነበረው። የእናቴን ትከሻ ይዞ "እማማ፣ አይዞዎት። ይሄ ልጅ ወንድሜ ነው። እኔ እያለሁ አይቸገርም" አላት። እናቴ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። ዛሬም ያ ጎንበስ ማለቷ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የሆስፒታሉን ከፈለ። ደመወዙንም ለጥቂት ጊዜ ሰጠው። ቁስሉ ሲደርቅ ግን ቢሮው አስጠርቶ፣ አደጋው የደረሰው በራሱ ግድየለሽነት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አቀረበለትና "ፈርምና ዳጎስ ያለ መሸኛ ውሰድ" አለው። ወንድሜ በግራ እጁ መጻፍ ገና አልለመደም ነበር። ወረቀቱን አይቶ "መከለያውስ?" ብሎ ጠየቀ። "የምን መከለያ?" አለው ሰውዬው።

ወንድሜ ሳይፈርም ወጣ።

ክስ መሠረትን። ጣቢያው ውስጥ ሲሠሩ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ መከለያው መውለቁን አይተዋል፤ ቆመን እንመሰክራለን ያሉት ግን ሲጠሩ ጌጫ ድረስ ለቅሶ ሄደዋል፣ ታመዋል፣ አላየሁም ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ ቡና ሲያልቅ ሥራ የለም፣ ቡና ሲመጣ ደግሞ ሥራ የሚሰጠው እሱ ነው። አንዲት ብቻ መጣች። ቡና ለቃሚ የሆነች የቤንች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እየተሰባበረ፣ ባሰባት ጊዜ በአስተርጓሚ፣ "ክዳኑ መሬት ነበር። እሱ ይገጠም ሲል ጌታው እምቢ ሲል ሰምቻለሁ" ብላ መሰከረች። የባለጣቢያው ጠበቃ ስንት ብር እንደሰጠናት ጠየቃት። "ሻይ እንኳን አላጠጡኝም" አለች። ችሎቱ ሳቀ። በማግሥቱ ከሥራ ተባረረች።

ባለጣቢያው በየቀጠሮው ይቀርብ ነበር። ጠበቃ ከጅማ አስመጥቶ፣ ራሱም ሱፉን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድም ቀጠሮ ሳያጓድል ተከራከረ። ያኔ ይህ ድፍረቱ ያበግነኝ ነበር። ቀጠሮው ሲረዝም፣ ዳኛ ሲቀየር፣ መዝገብ ሲጠፋና ሲገኝ ሁለት የቡና ወቅት አለፈ። በመጨረሻ ተፈረደልን። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሊሠራ ይችል ለነበረው ሥራ ካሳ እንዲከፈለው ተወሰነ። ሰውዬው ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው።

የፍርዱን ግልባጭ ማህተም አስመትተን ቤት ስንገባ እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ማንበብ አትችልም። "አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?" አለች።

"ይከፍላል ማለት ነው" አልኳት።

"መቼ?"

ይህን ለመመለስ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈትን። የዚያን ጊዜ ነው ሰውዬው ከእኛ ጋር እየተከራከረ በጎን ምን ሲሠራ እንደነበረ የገባን። ጣቢያውን ለባንክ አስይዞ ተበድሮበታል፤ ከእኛ በፊት ባንኩ አለ። መኪኖቹ በሚስቱ ወንድም ስም ዞረዋል። የሚኖርበት ቤት ኪራይ ነው። እሱ ራሱ ለሕክምና ብሎ ናይሮቢ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ፍርድ ቤቱ ንብረት ፈልጋችሁ አቅርቡ አለን። ከአንድ ጠረጴዛና ከጥቂት ወንበሮች ሌላ አላገኘንም። ንብረት ሲገኝ እንደገና ማስከፈት እንደምንችል ተነግሮን መዝገቡ ተዘጋ።

ወንድሜ ሊያገባት የነበረች ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነው አደጋው የደረሰው። ቤተሰቦቿ አልከለከሉትም፤ ነገሩ ይቆይ አሉ፤ ቆይቶ ቀረ። ይህን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። መረብ ኳስ ወዳለበት ሜዳ የሚያሳልፈውን መንገድ ትቶ በታች በኩል ዞሮ ነበር የሚመላለሰው። አማን ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈትንለት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ ይሸጣል። ያቺ የመሰከረችለት ልጅ በሱቁ ደጅ ሙዝና አቮካዶ ዘርግታ መሸጥ ጀመረች። ዝናብ ሲመጣ ዕቃዋን ወደ ሱቁ ታስገባለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ተጋቡ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያገኘነው ደግ ነገር እሷ ናት።

ሰውዬው የት እንዳለ የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። ወደ ሞያሌ የሚመላለስ አንድ የሚዛን ነጋዴ ናይሮቢ፣ ኢስሊ የሚባለው የሐበሻና የሶማሌ ሰፈር ውስጥ አይቶታል። የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል፤ ከሥሩ ቡና ቤት አለው። "ቡናው የእኛ አገር ቡና ነው፤ ግድግዳው ላይ የደናችንን ፎቶ ሰቅሏል" አለን ነጋዴው።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ልሂድ ብሎ ተነሳ። እኔ እንግሊዝኛ ስለማስተምር አብሬው እንድሄድ ተወሰነ። የአባታችንን የጓሮ ቦታ ሸጥን። ፍርዱን አዲስ አበባ አስተረጎምን፣ በየመሥሪያ ቤቱ እየተሰለፍን ማህተም በማህተም ላይ አስመታን። ከዚያ ሞያሌ፤ ከሞያሌ በጭነት መኪና አቧራ እየቃምን ናይሮቢ።

ጠበቃዋ ኬንያዊት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። የእኔ እንግሊዝኛ ለክፍል ተማሪ እንጂ ለጠበቃ እንደማይበቃ ወዲያው ስለገባኝ፣ ሞያሌ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች አንዲት ሴት እንድታስተረጉምልን ቀጠርን። ጠበቃዋ ወረቀቶቻችንን አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ እንዲህ አለች፦

"ፍርዳቸው እዚህ አገር በቀላሉ ተመዝግቦ የሚፈጸምላቸው አገሮች አሉ። እንግሊዝ አለች፣ ጎረቤቶቻችን ኡጋንዳና ታንዛንያ አሉ። ስማቸው በሕጋችን ተጽፏል። የእናንተ አገር አልተጻፈችም።"

"ስለዚህ አይሆንም?" አላት ወንድሜ።

"ይሆናል። ግን አዲስ ክስ ነው የምንከፍተው። ይህ ፍርድ ራሱ እንደ ዕዳ ይቆጠራል፤ ዕዳውን ክፈል ብለን እንከሰዋለን። ዳኛው ሚዛን የተፈረደው ልክ ነው ወይስ ስህተት ነው ብሎ አይመረምርም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ያ ፍርድ ቤት በዚህ ሰውዬ ላይ ሥልጣን ነበረው ወይ? ሰውዬው የመናገር ዕድል አግኝቷል ወይ? ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ? በማጭበርበር የተገኘ አይደለም ወይ?" ቀና አለችና "ለመሆኑ ሚዛን ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"አንድም ቀን ሳይቀር፤ ጠበቃ ይዞ" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ጥሩ አደረገ። ቀርቦ የተከራከረ ሰው፣ ኋላ ያ ፍርድ ቤት አይመለከተኝም ማለት አይችልም።"

ያ ሱፍ ለብሶ ፊት ወንበር መቀመጡ ለእኛ የሚበጅ ነገር ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ወንድሜ ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከነው። "ታዲያ እዚህ ስለ እጄ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ነው?" አላት።

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ስታደርስላት ጠበቃዋ ወደ ወንድሜ ዞረች። "አዎ" አለች፤ "እዚህ ጉዳዩ እጅህ አይደለም። ወረቀቱ ነው።"

ወንድሜ ባዶ እጅጌውን ወደ ኪሱ ከተተ። መልሱን የወደደው አልመሰለኝም።

የሰውዬው ጠበቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ከሳሾቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑና ቢሸነፉ የሚከፍሉት ንብረት ኬንያ ውስጥ ስለሌላቸው፣ ለወጪ መያዣ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ያስይዙ ብሎ ማመልከት ነበር። ዳኛው ፈቀዱለት። የወንድሜን እጅ ያስቆረጠው ሰው ከእኛ ዋስትና ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ እኔ የተሳሳትኩ መስሏት ነበር። የወንድሜ የድሮ የቡድን ጓደኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የአስተማሪ ማኅበራችን አዋጥተው ሞሉልን። ሚስቱ የጆሮ ወርቋን ሸጠች።

ክርክሩ ሲጀመር ጠበቃው ተነሥቶ ስለ ሚዛን ፍርድ ቤት ያወራውን አልረሳውም። በደን መካከል ያለች ትንሽ ከተማ፣ ዳኞቹ የመንግሥትን ፊት የሚያዩ፣ መዝገብ የሚጠፋበት፣ ምስክር በአስተርጓሚ የሚሰማበት ቦታ አድርጎ ሣላት። ከተናገረው ግማሹን እኛው ራሳችን በረንዳዋ ላይ ቆመን ስንል ነበር። ስንት ቀን ረግመናታል። አሁን ግን በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ያቺን ፍርድ ቤት ሲያዋርዳት ስሰማ ደሜ ፈላ። ጠበቃዋ ተነሥታ "ይህ ሰው ይግባኝ ሲጠይቅ ያንኑ ፍርድ ቤት አምኖ ነበር። ቢረታ ኖሮ ዛሬ ምን ይል ነበር?" ስትል ተነሥቼ ላጨበጭብ ነበር፤ ወንድሜ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ችሎቱ ለዕረፍት ሲነሳ ባለጣቢያው ኮሪደር ላይ ጠበቀን። ፀጉሩ ሸብቷል። የወንድሜን ግራ ትከሻ ያዘ።

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ድረስ መጣህ?"

"መጣሁ።"

"እኔኮ ጠላትህ አይደለሁም። ነገሩ በጠበቃ ተበላሸ እንጂ በእኔና በአንተ መካከል ቢሆን በአንድ ሻይ ያልቅ ነበር። ስማኝ፤ ከተፈረደልህ ሲሶውን አሁን እሰጥሃለሁ። ዛሬውኑ። ክሱን አንሣና አገርህ ግባ።"

ወንድሜ የሰውዬውን እጅ ቀስ ብሎ ከትከሻው ላይ አነሣው። "መከለያው ወልቆ ነበር? እሱን ብቻ በአፍህ በለኝ" አለው።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ አስተማሪ ነሽ አይደል? ምከሪው።"

"እርስዎ የተጠየቁትን ይመልሱ" አልኩት። እሱ ግን ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

ማታ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ወንድሜን መከርኩት። ሲሶውን እንቀበል አልኩት። ልጅ ወልደሃል፣ እማዬ አርጅታለች፣ እኔ ከትምህርት ቤት ያገኘሁት ፈቃድ ሊያልቅ ነው። "ጋሼ፣ እባክህ" አልኩት።

"እሱ የሚሰጠኝን አይደለም የምወስደው" አለኝ። "ፍርድ ቤት የሰጠኝን ነው። ሲሶ ከወሰድኩ ለማኝ ነኝ፤ ያቺም ልጅ የመሰከረችው ለልመና ነው ማለት ነው።"

ሲሶውን ተውነው። ወደ አገር ተመለስን። ጉዳዩን ጠበቃዋ በሌለንበት ቀጠለችው። ቀጠሮ ይተላለፋል፣ ዳኛ ይታመማል፣ የሰውዬው ጠበቃ አዲስ ማመልከቻ ያስገባል። ኬንያ ምርጫ አድርጋ ተረበሸች፤ ፍርድ ቤት ተዘጋ። ወንድሜ ሌላ ልጅ ወለደ። በየጊዜው ቴሌ ሄጄ እደውላለሁ፤ ሞባይል ሚዛን ሲገባ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ እየወጣሁ። "ታገሡ፤ ማሸነፋችን አይቀርም" ትለኛለች።

እውነቷን ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ ስደውልላት "አሸነፍን" አለችኝ። ዳኛው የሚዛኑ ፍርድ ኬንያ ውስጥ ዕዳ ነው፣ ከነወለዱ ይከፈል ብለው ወስነዋል። ከትምህርት ቤት እስከ ሱቁ በሩጫ ሄድኩ። ወንድሜ ዜናውን ሲሰማ አልጮኸም፣ አልዘለለም። ሱቁን ዘጋና ሚስቱ ከዘረጋችው ሙዝ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ ግን እልል አለች፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ በግ ታረደ። እናቴ ያን ቀን በትውልድ ቋንቋዋ በከፋኛ መርቃ አልጠግብ አለች።

ሳምንትም ሳይሞላ፣ ጠበቃዋ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ እንደዚያ ቀን አልነበረም። ፍርዱን ለማስፈጸም ሄደው የእንግዳ ማረፊያውን በር የከፈተላቸው ሌላ ሰው ነው። ቤቱ ቀድሞም ኪራይ ነበር። ንግዱን ከወራት በፊት ሸጦታል። ባንክ ውስጥ የቀረው ገንዘብ የእሷን አበል እንኳን አይሸፍንም። "ሰውዬው ኬንያ ውስጥ የለም" አለች።

"የት ሄደ?"

"እኔ ልጠይቅሽ ነበር። አገሩ ገብቷል ይላሉ።"

እውነትም ገብቷል። ያን ጊዜ መንግሥት በውጭ ያሉ ልጆቹን ኑና አገራችሁን አልሙ እያለ ይጣራ ነበር። ለቡናና ለቅመማ ቅመም እርሻ መሬት ይሰጣል፤ ማሽን ያለቀረጥ ያስገባል። ሰውዬውን መልሼ ያየሁት ሚዛን አዳራሽ ውስጥ ነው። አስተማሪዎች በሙሉ ተጠርተን ስለ ልማት ስብሰባ ተቀምጠናል። መድረክ ላይ ከተደረደሩት እንግዶች መካከል እሱ አለ፤ አንገቱ ላይ የአካባቢው ባህላዊ ልብስ ተደርጎለታል። ተነሥቶ "ይህ ሕዝብ ወገኔ ነው" አለ። ተጨበጨበለት። ከአጠገቤ የተቀመጠ የሥራ ባልደረባዬ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ።

ወጥቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ስነግረው የወንድሜ ፊት በራ። እንደዚያ ሲበራ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። "በቃ፣ እግሩ አመጣው!" አለ። "ቴፒ በኩል የተሰጠው መሬትም በራሱ ስም ነው ይላሉ። ለባንክ ሳያስይዘው እንድረስበት።"

የፍርድ ወረቀታችንን ይዘን፣ የተዘጋውን መዝገብ እንደገና ለማስከፈት ሚዛን ፍርድ ቤት ገባን። ዳኛው ወጣት ነው። ወረቀቱን አየ፤ ቀኑን አየ፤ እንደገና ቀኑን አየ።

"ይህ ፍርድ ከተሰጠ አሥር ዓመት አልፎታል" አለ። "በሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የአፈጻጸም ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም። በይርጋ ታግዷል።"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰውዬው አገር ውስጥ አልነበረም። ስንከታተለው ነው የቆየነው። ናይሮቢ ድረስ ሄደን" አልኩ።

"ያለፈው ስንት ነው?" ብሎ ወንድሜ ጠየቀ።

"ጥቂት ወራት።"

ሰውዬው አጭበርብሮ ነው የሸሸው ብለን ተከራከርን። ከአገር መውጣት ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፣ ንብረቱን የደበቀው ፍርዱን ለማሰናከል መሆኑን በማስረጃ አሳዩ ተባልን። መኪኖቹ በስሙ የዞሩለት የሚስቱ ወንድም ያለበት አይታወቅም። በየሁለት ዓመቱ መዝገቡን እያስከፈታችሁ አቆዩት ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ያኔ ሚዛን ላይ የቆመልን ጠበቃ ሞቷል፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።

ወጣቱ ዳኛ አዘነልን፤ ፊቱ ላይ ይታያል። "የናይሮቢው ፍርድ ግን አዲስ ነው፤ ይርጋ አልነካውም" አለ። "የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የሚፈቅደው የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ሞክሩ።"

ሞከርን። የራሳችንን አገር ፍርድ እንደ ባዕድ ፍርድ አድርገን፣ አሁን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አስተርጉመን፣ አዲስ አበባ ችሎት ፊት ቆምን። የመሐል ዳኛዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የጠየቁን አንድ ነገር ነው።

"ኬንያ የኢትዮጵያን ፍርድ ትፈጽማለች?"

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ትፈጽማለች፣ ክብርት ዳኛ። ይኸው በእጅዎ ያለው እሱ ነው። የሚዛንን ፍርድ ናይሮቢ ተቀብላዋለች።"

"ይህ መፈጸም አይደለም" አሉ ዳኛዋ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። "እዚያ አዲስ ክስ ከፍታችሁ ነው የተፈረደላችሁ። በሁለቱ አገሮች መካከል አንዱ የአንዱን ፍርድ ሊፈጽም የተስማሙበት ውል አለ ወይ ነው ጥያቄዬ።"

ውል የለም። ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ።

ከችሎት ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። "ታያለሽ?" አለኝ። "ሚዛንም እውነት አለህ አለኝ፤ ናይሮቢም እውነት አለህ አለኝ። ውሸት ነው ያለኝ እኮ አንድም የለም!" ሰዎች እየዞሩ አዩን። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እናቴ በዚያው ክረምት ሞተች። ለቅሶው ላይ ባለጣቢያው ሰው ላከ፤ አንድ ኩንታል ጤፍና ስኳር። እኔ ልመልሰው ስል ወንድሜ "ለለቅሶ የመጣ አይመለስም፤ ነውር ነው" አለና አስገባው። ያን ቀን ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሱቁን ዘግቶ አገኘሁት። ባለጣቢያው በእርሻው ላይ የቀን ሠራተኞች ተቆጣጣሪ እንዲሆን ጠይቆት፣ እሺ ብሎ ገብቷል። በመንገድ ላይ አስቁሜ ጮኽኩበት። ለታላቅ ወንድም የማይባል ነገር አልኩት። ለአንተ ስል የአባቴን ቦታ ሸጬ፣ ትዳር ሳልይዝ፣ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት በረንዳ ጨርሼ፣ አንተ ሄደህ ለእሱ ታድራለህ? አልኩት።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። "በየወሩ ደመወዝ ይከፍለኛል" አለ። "ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ፍርዱን እያስፈጸምኩ ነው በይው።"

ወደ ሚስቱ ሄድኩ። እሷ እንኳን ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ለእውነት ብላ ሥራዋን ያጣችው እሷ ናት። ሙዟን እየደረደረች "ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው" አለችኝ። "እኔ የመሰከርኩት ያየሁትን ነው። ብር ይመጣል ብዬ አልነበረም። አሁንም ብትጠሪኝ ያንኑ እላለሁ።" ከዚያ ሙዝ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ፤ ልከፍል ስል ተቆጣች።

ከወንድሜ ጋር ዓመት ያህል ሳንነጋገር ቆየን። ያስታረቀን ሽማግሌ አይደለም፤ ትልቋ ልጁ እኔ የማስተምርበት ክፍል ደረሰች። በየቀኑ እያየሁ እንዴት ልኮርፍ? አሁን እሑድ እሑድ ቤታቸው ምሳ እበላለሁ። ባለጣቢያው በከተማው የተከበረ ሰው ሆኗል፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እኔ አጸፋውን አልመልስም። ሰው ይታዘበኛል፤ "አስተማሪ ሆና እንዴት እንዲህ ቂም ትይዛለች?" ይሉኛል። ይበሉ። ወንድሜ ልጆች አሉበት፤ እኔ የለብኝም።